«በሙሉ ድምፅ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሰፈሬ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ለሰው ካልነገርኩት የሚያንቀኝ መሰለኝና ጨክኜ ላክሁልዎት።

በትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፤ ስሟ ይቅርና ሐረግ ልበላት። ድምፅዋ ስለሚያምር በእረፍት ሰዓት ዜናውንም ግጥሙንም የምታነበው እሷ ነበረች። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች። ግቢው ውስጥ «መንትዮቹ» ነበር የሚሉን። የሐረግ እናትና አባት የትግራይ ሰዎች ናቸው። እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ድሬ ነው፤ ትግርኛዋ እንኳ ከኦሮምኛዋ ያንሳል። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ የሚጻፍ ነገር መሆኑም አይታየኝም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነው። ከመስከረም ጀምሮ አልደወለም። እናቴ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ትራሷ ሥር ይዛው ነው የምትተኛው። ሌሊት አብርታ ለማየት ስትነሳ እሰማታለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤታችን ለሠራዊቱ ስንቅ ማሰባሰብ ጀመረ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። የሚመዘግበው የእኛ ክበብ ነበር። ሐረግም እናቷ የሠራችውን ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች። አንድ የክበባችን ልጅ «ይሄ ሳይመረመር አይገባም» አለ። ተሳቀ። ሐረግ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ መዝገቡ ላይ «ዳቦ ቆሎ፣ 2 ኪሎ» ብዬ ጻፍኩ። የሌሎቹን ሁሉ ስም ጽፌ የእሷን አልጻፍኩም።

በሳምንቱ ክበቡ ተሰበሰበ። ሐረግ አልነበረችም። «በዚህ ጊዜ እሷ ማይክ ይዛ ስለ ግንባር ዜና ማንበቧ ልክ አይደለም፤ ተማሪውም ይጮህባታል፤ ለራሷም ይሻላታል» ተባለ። እጅ ይውጣ ሲባል እጅ ወጣ። እኔ እየጻፍኩ ስለነበር እጄን አላወጣሁም፤ ግን አልተቃወምኩም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ። ሐረግ ነገሩን የሰማችው ከተጠሪ መምህራችን ነው። ደብተሩን አሳያት። የእጅ ጽሑፌን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ክፍል ውስጥም ቦታ ቀየረች። አባቷ ለጥያቄ ተፈልጎ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መመለሱን ከሰው ነው የሰማሁት፤ በዚያን ጊዜ እሷም ከትምህርት ቀርታ ነበር። ሄጄ አልጠየቅኳትም። በኅዳር መጨረሻ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ተዘግቶ የዘማቾችን ሰብል ለመሰብሰብ ስንወጣም አልመጣችም። እናቷ በየበዓሉ ሕምባሻ ትልክልን ነበር። አሁን እናቴ «ልጄ የት እንዳለ ሳላውቅ የነዚያን ቤት ስም አታንሺብኝ» ትላለች።

ክበቡን ልለቅ ወስኛለሁ። ከመልቀቄ በፊት ግን በእረፍት ሰዓት ማይኩን ይዤ የሆነውን ሁሉ ለተማሪው ልናገር፣ ሐረግንም በስሟ ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤያለሁ። የምለውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ግን ይህን ባደርግ ወንድሜን የከዳሁ ይመስለኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ እሷን። አቦ እትዬ፣ ምን ላድርግ?

መንትያዋ
ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.

ልጄ መንትያዋ፣

ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ አትቅደጂው። ማይክ ላይም አታንብቢው። ለምን እንዲህ እንደምል እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ወንድምሽ እንነጋገር። እሱን በአራት መስመር አልፈሽዋል፤ ቤታችሁ ውስጥ ግን ቀኑም ሌሊቱም የእሱ እንደሆነ ይታየኛል።

ትግራይ ውስጥ ስልክ ከተቋረጠ ከሰኔ ጀምሮ ወራት አልፈዋል። ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲወርድ ደግሞ በየደረሰበት መስመሩ አብሮ እየጠፋ ነው የሄደው። ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸው የተነገረው ገና ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ላይ ያለ ወታደር አለመደወሉ በራሱ ክፉ ወሬ አይደለም። ደህና ነው ብዬ ልምልልሽ ግን አልችልም፤ የማይምል ሰው ደግሞ ለእናትሽ ከሚምለው የተሻለ እንደሚሆን አምናለሁ። እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት ስትነሳ እሰማታለሁ ብለሻል። መስማትሽን ታውቃለች? ካላወቀች ዛሬ ማታ ስትነሳ አንቺም ተነሺና አጠገቧ ቁጭ በይ። ምንም ማለት የለብሽም። ሁለታችሁም ነቅታችሁ፣ አንዳችሁ ሌላዋን የተኛች መስሏችሁ፣ በየፊናችሁ ጨለማ ውስጥ ማፍጠጣችሁ ነው እኔን ያስጨነቀኝ።

አሁን ወደዚያ ስብሰባ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ የተተከለው ድምፅ በተሰጠበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ላይ ነው፤ የሁሉን ስም ጽፈሽ የእሷን በተውሽበት። ስሟን ያልጻፍሽው አፍረሽባት ነው ወይስ ደብቀሽላት? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ምናልባት ስሟ እዚያ ዝርዝር ላይ ቢታይ ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይላት ሰግተሽ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ «የእሷ ጓደኛ» እንዳትባይ ፈርተሽ ይሆናል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት፣ በአንዲት እጅ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። መልሱን ለእኔ እንድትጽፊልኝ አይደለም የጠየቅኩሽ። ሐረግ ፊት ስትቆሚ ግን የምትጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ያኔ አፍሽ ላይ የመጣውን ሳይሆን እውነቱን እንድትነግሪያት አሁን አስቢበት።

ፍርሃትሽን ስለማውቀው የራሴን ልንገርሽ። በ1969 ዓ.ም. እኔም በአንቺ ዕድሜ ነበርኩ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ሐዲድ ድልድዮቹ ፈርሰው ባቡር ቆሟል። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬን ሊይዝ ሲሞክር የመድፉ ድምፅ የቤታችንን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠው ነበር። ያኔም ስንቅ ይዘጋጃል፤ ያኔም ልጁን የላከ ቤት ሁሉ ሬዲዮ አጠገብ ነው የሚያመሸው። ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ሶማሌ ጎረቤቶች ነበሩን። ልጃቸው እኩያዬ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምንቀዳው አብረን ነበር። ከዚያ ሰዎች ማውራት ጀመሩ፤ «እነዚህ ከማን ጋር ናቸው?» የሚል ወሬ። እኔ ክፉ ቃል አልተናገርኳትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ውሃ የምቀዳበትን ሰዓት መቀየር ብቻ ነው። እሷ ሳትነሳ ማልጄ እቀዳለሁ፤ ካልሆነም ከረፋዱ በኋላ። ሰላም ላለማለት አልነበረም፤ ሰላም ስላት እንዳልታይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጅቡቲ ገቡ ተባለ። አርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያችን ልጅ ዳግም አላየኋትም።

ይህን የነገርኩሽ እንድታለቅሺ አይደለም። የአንቺ ሐረግ ግን እዚሁ ናት፤ ከአንቺ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር ርቃ ተቀምጣለች። በሩ ገና አልተቆለፈም። እኔ ያጣሁት ያ ነው፤ አንቺ አላጣሽውም።

እንግዲህ ስለ ማይኩ። ጽሑፉን ስታነቢ ምን እንደሚሆን እናስበው። እረፍት ላይ ነው፤ ግቢው ሙሉ ነው፤ ሞንታርቦው ደግሞ ከአጥር ውጭ ይሰማል። የሐረግን ስም ትጠሪያለሽ። ምን እንደተባለች፣ ለምን እንደተባለች ትናገሪያለሽ። አንቺ ቀለል ይልሻል። እሷስ? በዚያች ደቂቃ ስንት መቶ ዓይን ነው የሚዞርባት? አባቷ ገና ተመልሶ መምጣቱ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከጥቅምት 23 ጀምሮ እንደጸና ነው። እናቷ ልጄ ከትምህርት ቤት በሰላም ትመለስልኝ ይሆን እያለች በር በሩን የምታይበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ስሟ በድምፅ ማጉያ እንዲጠራ ትፈልግ አትፈልግ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ጊዜ እሷ በሌለችበት ተወስኖባታል። አሁንም በደግነት ቢሆንም እሷን ሳትጠይቂ አትወስኚባት።

ሌላም አለ። በሰው ፊት ይቅርታ የተጠየቀ ሰው እንቢ ማለት አይችልም። እንቢ ካለች ክፉ እሷ ትሆናለች። ሐረግ ግን ልትቆጣሽ መብቷ ነው፤ ዛሬ ይቅር ላትልሽም ትችላለች። ያን የምታደርግበት፣ ማንም የማያያት ቦታ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ቤቷ ሂጂ። ሌላ ሰው ይዘሽ አትሂጂ፤ ክፍል ውስጥ ደብተር በማቀበል፣ በቴሌግራም በመጻፍ አይሁን። ሰው እንደ ሐረግ አባት ተወስዶ ሲመለስ በእኛ አገር «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» ይባላል፤ ቡናና ስኳር ተይዞ ይኬዳል። ለሐረግ አባት ይህን ያለ ሰው ስንት ይመስልሻል? አንድ ኪሎ ስኳር ይዘሽ ብትሄጂ ወላጆቿን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለሽ፤ ሐረግም ልታናግርሽ ባትፈልግ እንኳ መምጣትሽ ባዶ አይሆንም።

ከሐረግ ጋር ስትገናኙ የምትይውን ቃል በቃል ልነግርሽ አልፈልግም፤ የእኔን ቃል ከአፍሽ ስትሰማ ታውቀዋለችና። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቂ። «አስገድደውኝ ነው» አትበዪ፤ ማንም አላስገደደሽም፤ አንቺም እንዲያ ብለሽ አልጻፍሽልኝም። በወንድምሽም አትጀምሪ። ስለ እሱ ማውራት ትችላላችሁ፤ ሐረግም ታውቀዋለችና መጠየቋ አይቀርም። ግን ገና ከበሩ «ወንድሜ እኮ…» ካልሽ ሐረግ የራሷን ህመም ውጣ አንቺን ማጽናናት ይኖርባታል። መጀመሪያ የእሷን ስሚ። ደብተሩን ስታየው ምን እንደተሰማት ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ፤ ብታለቅስም፣ ብትጮህብሽም። «ወደ ማይኩ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» የሚለውን ደግሞ በመጨረሻ ጠይቂያት። አልፈልግም ካለች እሺ በያት። አንዳንድ ሰው የሚፈልገው ቦታውን ሳይሆን ጓደኛውን ነው።

በሩን ባትከፍትልሽስ? ስኳሩን ለእናቷ ሰጥተሽ፣ አባቷን እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ብለሽ ተመለሺ። ሳምንት ቆይተሽ ደግሞ ሂጂ።

አሁን እናትሽ። «የነዚያን ቤት ስም አታንሺብኝ» ስትል ጥላቻ ብቻ ሆኖ አልተሰማኝም። «ልጄ የት እንዳለ ሳላውቅ» የሚለውን አስቀድማዋለች። ስጋቷ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ቅርብ ያገኘው ቤት ላይ ነው ያረፈው። ተሳስታለች፤ ይህን ሳልልሽ አላልፍም፤ ያ ቤት ልጇን አልወሰደባትም። ግን በክርክር የሚመለስ ነገር አይደለም፤ በተለይ ከልጅ አፍ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያት፤ የሐረግ እናት ለሠራዊቱ ዳቦ ቆሎ ሠርታ መላኳን። ያን አታውቅ ይሆናል። የላከችው ለማን እንደሚደርስ ሳታውቅ ነው፤ ከአንዱ እፍኝ የአንቺ ወንድም ሊቀምስ ይችል ነበር። ንገሪያትና ተያት፤ «ስለዚህ» ብለሽ አትቀጥይበት። ወደ ሐረግ ቤት ስትሄጂም አትደብቂያት። «አባቷ ተመልሷል፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ልል ነው» በያት። ለሁለት ዓመት ሕምባሻ ሲላክላት የበላች ሴት ይህን ለመከልከል ትቸገራለች ብዬ አምናለሁ። ከከለከለችሽ ግን ከቤት ተሰርቀሽ አትሂጂ። እናንተንም እነሱንም የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጊ፤ አክስትም ትሁን፣ የእድር ሰውም ይሁን፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ይሁን። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ያልተገኘበት ሰፈር አላየሁም።

ስለ «መክዳት» ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ። ወንድምሽ ቤት እያለ ሐረግ ስትመጣ ምን ይላት ነበር? የቤት ሥራ ያሳያት ነበር? ይቀልድባት ነበር? ማስታወስ ያለብሽ ያንን ወንድምሽን ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ «ግንባር» ሲባል የታሰበውን ወታደር ብቻ አይደለም። ወንድምሽ ሲመለስ ሐረግ የት ሄደች ብሎ ቢጠይቅሽ የምትመልሺለትን አሁን አስቢው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የሐረግ ቤተሰብ ትግራይ ውስጥ አያት ወይም አክስት ካላቸው ከሰኔ ጀምሮ ስልክ እየጠበቁ ናቸው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ይሠራል፤ ስልክ በሌለበት አጭር የቤተሰብ መልእክት ያደርሳል፤ የጠፋ ሰው ፍለጋም ይመዘግባል። ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው። እናትሽም የሐረግ እናትም ሄደው መጠየቅ ይችላሉ። የመልእክቱ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ደህና ነው። አብረው ይሂዱ አላልኩሽም። ግን ከሁለቱ አንዷ መንገዱን ካወቀች ለሌላዋ ልትነግራት ትችላለች።

እንግዲህ ወደ ክበቡ። ሠላሳ ዓመት ግድም አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን የክበብ ተጠሪ ሆኜ ነበር፤ ቀይ መስቀልም፣ ሥነ ጽሑፍም፣ ሚኒ ሚዲያም። ልቀቂ አልልሽም። ቢያንስ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ጠብቂ፤ ያን የምልሽ በጸሐፊነትሽ ነው። ቃለ ጉባኤ እኮ ስለተጻፈ ብቻ የጸደቀ አይደለም። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበባል፤ «የሚስተካከል አለ?» ይባላል። አብዛኞቹ ክበቦች ይህን ይዘሉታል፤ ዝለሉት ያላቸው ግን ማንም የለም። አንብቢው። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቁሚና «ይህ ይስተካከል፤ እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ጉዳዩ የሚመለከታትም አልነበረችም» በዪ። ስንት እጅ እንደወጣ ቁጥሩ ይጻፍ። ሌላ ንግግር አያስፈልግሽም። የሐረግንም ስም መጥራት አያስፈልግሽም፤ ስለ ራስሽ ድምፅ ነው የምታስተካክዪው፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያሻሽም።

ግን «ተቃውሜ ነበር» ብለሽ አታጽፊ። አልተቃወምሽም። «ድምፅ አልሰጠችም» ብቻ። አንድ ሐሰት በሌላ ሐሰት አይታረምም፤ ሐረግም ያን ደብተር ዳግም ካየችው የምታምነው ትንሹን እውነት ነው።

ከስብሰባው በፊት ተጠሪውን መምህር ለብቻው አናግሪው። ድንገት በልጆች ፊት ከተነሳበት ይከላከላል፤ መምህርም ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ መምህራንም ይፈራሉ። ደብተሩን ለሐረግ ማሳየቱ ልክ አልነበረም፤ ምናልባት «እኔ አይደለሁም የወሰንኩት» ለማለት ፈልጎ ነው። ይህን አንስተሽ አትውቀሺው። «በሌለችበት የተወሰነው ነገር እንደገና ቢታይ ደስ ይለኛል፤ እሷ ፍላጎቷን ከነገረችኝ በኋላ» በዪው። በዚያው ሌላ ነገርም ጠይቂው፤ ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት የግንባር ዜና ማንበብ የግድ አለበት? ወንድማቸው ግንባር ያለ፣ ዘመዶቻቸው ትግራይ ያሉ፣ ወሎ ያሉ ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ ቆመው ያን ዜና ይሰማሉ። አንቺ ራስሽ ምን ይሰማሽ ነበር፣ ስትጽፊው? የሰማሁት ሁሉ ሆዴን ያባባው ነበር ካልሽኝ ለመምህሩም እንዲሁ በዪው። ከአንድ የወታደር እህት አፍ ሲወጣ ማንም በክፉ ሊተረጉመው አይችልም።

ያን የሳቀውን ልጅ ለጊዜው ተይው። አንድ ቀን ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣም የአንቺ ሥራ አይደለም።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ አንቺ ሕፃን ነበርሽ ወይም አልተወለድሽም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የክበባችን ልጆች የመታሰቢያ ዝግጅት እናድርግ፣ ግጥም እናንብብ አሉ። አንዲት ዝም የምትል ልጅ ነበረች፤ «ደብተራቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው ልጆች አሉ፤ እኛ እንገልብጥላቸው» አለች። ዝግጅቱ ተረሳ። ለሳምንታት ከትምህርት በኋላ ተቀምጠው የባለፈውን ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክ በየደብተሩ ገለበጡ። ብዙ ክበብ መርቻለሁ፤ እንደዚያ ዓመት ያለ ክበብ ግን አላስታውስም። ያኔ የገለበጡትም የተገለበጠላቸውም ዛሬ ከዚራ ሰፈር ሲያገኙኝ የሚያነሱልኝ ያንን ነው።

ሐረግ ሁለት ሳምንት ቀርታለች ብለሽኛል። በዚያ ጊዜ የተሰጠውን ማን ሰጣት? ቦታ ቀይራ የተቀመጠች ልጅ ከማን እንደምትጠይቅም እንጃ። የግማሽ ዓመቱ ፈተና ደግሞ እየደረሰ ነው። የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለች ብለሽ የጻፍሽልኝ መስመር ከሁሉም በላይ አመመኝ፤ እሱን ነው ወደ ቤቷ ይዘሽ እንድትሄጂ የምፈልገው። ሁለቱን ሳምንት በአዲስ ደብተር ገልብጪላት፤ በጥሩ ጽሑፍ፣ ቀኑን እየጻፍሽ፣ ሥዕሉንም ሳትዘዪ። ሽፋኑ ላይ ስሟን በደንብ ጻፊ፤ ከስኳሩ ጋር ለእናቷ ስጪላት፤ ሐረግ ባትወጣም ደብተሩ ይገባል። ባዮሎጂው ስለሚረዝም ዛሬ ማታ ከእሱ ጀምሪ፤ እናትሽ ስትነሳም ነቅተሽ ታገኝሻለች። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሂጂ። ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ ግን ቤት ተይው። ከተገናኛችሁ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ፤ ባይሳካም ጻፊልኝ።

እትዬ